ሐይቅ ላይ ለመዋኘት፦ ከመግባት እስከ መውጣት

ወሎ ያደገ ልጅ ብዙውን ጊዜ ዋና የሚለምደው ማንም ሳያስተምረው ነው። ከብት ሲጠብቅ፣ ልብስ ለማጠብ ወንዝ ሲወርድ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲንቦጫረቅ ይለምደዋል። በውሻ ዋና ይጀምራል። ከዚያ አንዲት ኩሬ ከዳር እስከ ዳር ይሻገርና «ዋና እችላለሁ» ይላል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ኩሬ መሻገርና ሐይቅ ላይ መዋኘት ግን ለየቅል ናቸው። ኩሬ ውስጥ ሲደክማችሁ ትቆማላችሁ። ሐይቅ ላይ ሲደክማችሁ ከእግራችሁ ሥር መሬት የለም።

ይህን የምጽፈው ኩሬውን ተሻግሮ ሐይቁን ለሚመኝ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ወደ ሰፊ ውሃ ከመግባታችሁ በፊት ውሃ ላይ ማረፍን ልመዱ። ፍጥነቱም ርቀቱም ቀስ ብሎ ይመጣል። ማረፍ የማይችል ሰው ጎበዝ ዋናተኛ ቢሆንም አንድ ቀን መሃል ላይ ይጨንቀዋል። ከዚያ በኋላ ጉልበቱ አያድነውም።

ውሃውን መምረጥ

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ስትሄዱ ሐይቅ ከተማን ታገኛላችሁ። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ነው። ሎጎ ሐይቅ ተብሎም ይጠራል። ወደ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከሱ የሚወጣ ወንዝ ስለሌለ የሚጎትታችሁ ጅረት የለበትም። ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ ነው። ስለዚህ ነፋሱን ያወቀ ሰው የሐይቁን ግማሽ ጠባይ አወቀ ማለት ይቻላል። ለጀማሪ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ሐይቅ ነው።

አርዲቦ የሚባለው ሌላው ሐይቅ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ሰው ስለማይበዛበት አንድ ነገር ቢፈጠር ደራሽ የለም። ማይባር ሐይቅ ከሁለቱም ትንሽ ነው፤ ከፍታው ስለሚበልጥ ይበርዳል። ቦርከናን ተዉት። ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚወጣውን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚወርድ ወንዝ ነው።

ሐይቅ ላይ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውሃው ዳር ነው። ቦታው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተገናኝቷል። የወንዶች ገዳም ነው። ከፊት ለፊቱ ልብስ አውልቆ መንቦጫረቅ ነውር ነው። ራቅ ብላችሁ ግቡ።

ሰዓቱን መምረጥ

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ መስታወት ይመስላል። ተራራው ተገልብጦ ይታይበታል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳል። ከዳር ሆናችሁ ስታዩት ትንሽ መሸብሸብ ይመስላል፤ አፍንጫችሁ ውሃው ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሞገድ ፊት ላይ ይመጣል። ለመተንፈስ አፋችሁን ስትከፍቱ ውሃ ትጎነጫላችሁ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ሆኖ ሲገፋችሁ ደግሞ ጎበዝ የሆናችሁ ይመስላችኋል፤ መመለሻው ላይ ነው ጉዱ የሚታየው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ነፋሱን ተቃርናችሁ ሂዱ፤ ስትመለሱ እሱ ያግዛችኋል።

ጠዋትን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ቢልሃርዚያ። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በሽታው መኖሩ በጥናት ተረጋግጧል። በሽታውን የሚያመጣው ትል በውሃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድግና ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ ከዚያ በቆዳ በኩል ይገባል። በብዛት የሚለቀቀው ፀሐይ ሲበረታ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ቀንድ አውጣዎቹ የሚወዱት ደግሞ ቄጠማ የበዛበትን፣ ያልጠለቀውንና የረጋውን ዳር ነው። ሰው ልብስ የሚያጥብበትና ከብት የሚያጠጣበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው። በማለዳ፣ ድንጋያማና ቄጠማ በሌለበት በኩል ገብታችሁ ቶሎ ከዳር ብትርቁ አደጋው ይቀንሳል። ጨርሶ ግን አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሁለት ምክሮች ይጋጫሉ። ጀማሪ ከዳር መራቅ የለበትም፤ ቢልሃርዚያው ደግሞ ያለው ዳር ላይ ነው። እኔ የያዝኩት መፍትሔ ከዳሩ 20 ወይም 30 ሜትር ወጣ ብሎ፣ ጀልባ አስከትሎ፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ መዋኘት ነው። ጀልባ ካልተገኘ አልገባም።

ከዓሣ አጥማጆች ጋር መነጋገር

መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ነው። ሰላምታችሁን አሟሉ። ወሎ ውስጥ ሰላምታ አይቸኮልበትም። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ነፋሱ በየት በኩል ይመጣል? ድንገት ጥልቅ የሚሆነው የት ነው? መረብ የተጣለው የት ነው?

የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። ሐይቁ ላይ የላስቲክ ጠርሙሶች ተሰልፈው ተንሳፍፈው ካያችሁ ቆሻሻ አይምሰላችሁ፤ ሥራቸው መረብ አለ። ክሩ ቀጭን ስለሆነ ውሃ ውስጥ አይታይም። ጣት ወይም የዋና መነጽር ማሰሪያ ከያዘ አይለቅም። በተፍጨረጨራችሁ ቁጥር ይተበተባል። አንድ ጊዜ እግሬ ጣት ላይ ገብቶብኝ ያውቃል። አብረውኝ የነበሩት አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ከጀልባቸው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ዝም በል፣ አትነቃነቅ» አሉኝ። ዝም አልኩ። ጎንበስ ብለው በእጃቸው ፈቱት። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ ካየሁ ቢያንስ 20 ሜትር እዞራለሁ።

ጀልባ የሚቀዝፍላችሁን ሰው ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ተስማሙ። ከጎናችሁ 5 ሜትር ያህል ርቆ እንዲሄድና ዐይኑን ከእናንተ እንዳይነቅል ንገሩት። እጃችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ካነሳችሁ «ና» ማለት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተግባቡ።

ዕቃ

ውድ ነገር አያስፈልግም። የዋና መነጽር ይኑራችሁ። ከሩቅ እንድትታዩ ብርቱካናማ ወይም ሌላ ደማቅ ኮፍያ አድርጉ። ልብስን በተመለከተ ጂንስም ሰፊ ቀሚስም ውሃ ሲጠጣ ድንጋይ ነው። ሸፈን ብላ መዋኘት የምትፈልግ እህት ቀጭንና ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ፣ ውሃ የማይዝ ልብስ ትምረጥ።

ከሁሉ የማልለየው ግን ቢጫ ጀሪካን ነው። የዘይቱ ባለ 5 ሊትር ይበቃል። አጥባችሁ አድርቁት፤ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ። ባልዲ ውስጥ ደፍቃችሁ አረፋ እንደማያወጣ እዩ። ከዚያ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ገመድ እጀታው ላይ እሰሩ። ሌላው ጫፍ ወገባችሁ ላይ ይታሰራል። ቋጠሮው አንዱን ጫፍ ስትስቡት ወዲያው የሚፈታ ይሁን። ጀሪካኑ ከኋላችሁ ይከተላችኋል፤ ጀልባ ያለው ሰው ከሩቅ ያየዋል፤ ሲደክማችሁ ደረታችሁን ትጥሉበታላችሁ። የሕይወት አድን ጃኬትን ግን አይተካም። መንሳፈፍ የማያውቅ ሰው ጀሪካን ተማምኖ አይግባ።

ማረፍን መለማመድ

ይህ ክፍል ላይ አትቸኩሉ። እኔ አዲስ ልጅ ሳለማምድ ሁለት ሳምንት ሌላ ነገር አላሠራም።

ውሃው ደረታችሁ ድረስ በሚደርስበት ቦታ፣ ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ቆሞ፣ በጀርባችሁ ተኙ። ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ ይግባ። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። ጆሮው ውሃ እንዳይነካው ብሎ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ጭንቅላት ቀና ሲል ዳሌ ይሰምጣል፤ ዳሌ ሲሰምጥ ሰውየው በሙሉ ይከተላል። አገጫችሁን ወደ ሰማይ ስጡ። እምብርታችሁን ወደ ላይ ግፉ። ክንዶቻችሁን ዘርጉ። ሳንባችሁን ሞልታችሁ ያዙ፤ ቶሎ አውጡ፤ መልሳችሁ ሙሉ። ሳንባ ሲሞላ ሰውነት ከፍ ሲል ይታወቃችኋል። የብዙ ወንዶች እግር ወደ ታች ይወርዳል፤ ምንም አይደለም፤ በቀስታ መታ መታ አድርጉት።

5 ደቂቃ ሳትጨነቁ መቆየት ስትችሉ ቆሞ መንሳፈፍን ጨምሩ። እግራችሁን ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው አዟዙሩ፤ እጃችሁን በጠረጴዛ ላይ ዱቄት እንደሚያስተካክል ሰው ወዲህ ወዲያ አድርጉ። ከዚያ ሁለቱን አገናኙ፦ 20 ክንድ (ክንዳችሁን 20 ጊዜ ወርውራችሁ) ዋኝታችሁ በጀርባ ተገልበጡ፣ አሥር ትንፋሽ ቁጠሩ፣ እንደገና ዋኙ። ይህን 20 ጊዜ ሳያቋርጥ የሚሠራ ሰው ወደ ጥልቁ ለመሄድ ዝግጁ ነው እላለሁ።

ስለ ትንፋሽ አንድ ቃል። ትንፋሻችሁን ውሃ ውስጥ አውጥታችሁ ጨርሱ። ከውሃ በላይ አውጥቶም አስገብቶም የሚሞክር ሰው ይታፈናል። ከፍታችን አየሩን ያሳሳዋል፤ ከቆላ የመጣ ሰው በቶሎ ቢደክመው አይገረም። በሁለቱም በኩል መተንፈስን ልመዱ። ሞገዱ ወይም ፀሐዩ በአንድ በኩል ሲመጣ በሌላው ትዞራላችሁ።

መግባትና መሄድ

ጾም ከሆናችሁ ረጅም ዋና ለሌላ ቀን ይቆይ። ካልሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት ቂንጬ ወይም በሶ ቅመሱ። ጫት ቅማችሁ ወይም አረቄ ቀምሳችሁ ግን አትግቡ። ልብ ምቱ ሌላ፣ ውሳኔው ሌላ ይሆናል።

ዘላችሁ አትግቡ። ሥሩ ድንጋይ ይሁን ግንድ አታውቁም። ደግሞም ቅዝቃዜው አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲነካችሁ ሰውነት ሳትፈልጉ አየር ይስባል። ያ ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ነው የምትስቡት። መደንገጡ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ቀስ ብላችሁ ግቡ፤ ፊታችሁንና አንገታችሁን አርጥቡ፤ ትንፋሻችሁ እስኪረጋ በጀርባ ተንሳፈፉ። ከዚያ በኋላ ጀምሩ። በዓለም አቀፍ የክፍት ውሃ ውድድር ውሃው ከ16 ዲግሪ በታች ከሆነ አይዋኝም። ለጀማሪ 20 ዲግሪም ቀዝቃዛ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ከ15 ደቂቃ አይለፍ።

ሐይቅ ላይ እንደ መዋኛ ገንዳ ሥሩ የተሰመረ መስመር የለም። ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ብትዋኙ ትዞራላችሁ። ከመግባታችሁ በፊት ትልቅና የማይነቃነቅ ነገር ምረጡ፤ የተራራ ጉብታ፣ ረጅም ዛፍ፣ የመስጊድ ሚናራ። በየ8 ክንዱ ዐይናችሁን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ አድርጋችሁ አረጋግጡ። ጭንቅላታችሁን በሙሉ ካወጣችሁ እግር ይሰምጣል። ስንት ሰዓት ላይ እንደምትመለሱም አስቀድማችሁ ወስኑ። ከጉልበታችሁ ሲሶው ሲያልቅ ዙሩ፤ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለማይታወቅ ነገር ነው።

ባት ሲይዝ

አንድ ቅዳሜ ከዳሩ 200 ሜትር ያህል ርቄ ሳለ የቀኝ ባቴ ያዘኝ። ጡንቻው ድንጋይ ሆነ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ወደ ዳር መፍጠን ነበር። ሦስት ክንድ ወረወርኩና ሕመሙ እስከ ጉልበቴ ወጣ። ያኔ ያስታወስኩት የልጅነቱን መንሳፈፍ ነው። ተገለበጥኩ። ጀሪካኑን ስቤ ደረቴ ላይ አቀፍኩ። ሰማዩን እያየሁ ትንፋሼን ቆጠርኩ። ከዚያ የእግሬን ጣቶች ይዤ ወደ ጉልበቴ ሳብኳቸው፤ ተረከዜን ወደ ፊት ገፋሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቀቀ። በጀርባዬ፣ በክንዴ ብቻ እየቀዘፍኩ ተመለስኩ።

ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ አቁሙ፣ ተገልበጡ፣ ተንፍሱ፣ ጡንቻውን ሳቡ፣ እጃችሁን አንሱ። መጀመሪያ መዋኘት የለም።

ወንዝ

ወሎ ሁለት ዝናብ አለው። በክረምቱ የሚፈራ ብዙ ነው፤ በበልጉ ግን ሰው ይዘናጋል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደጋው ላይ ሲዘንብ እናንተ ቆላ ላይ ጠራራ ፀሐይ ውስጥ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ደራሽ ጎርፍ የሚመጣው እንደዚያ ነው።

አንድ ጊዜ ሚሌ ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። መጀመሪያ ቀለሙ ተቀየረ፤ ጠጠሩ የሚታይበት ውሃ ወተት የገባበት ሻይ መሰለ። ቀጥሎ ጭድና የባሕር ዛፍ ቅጠል መጣ። ከዚያ ከላይ በኩል የከባድ መኪና ዓይነት ድምፅ። ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሴቶች ድምፁን አልጠበቁም፤ ቅጠሉን ሲያዩ ነው ልብሱን እንኳ ሳይሰበስቡ ልጆቻቸውን ይዘው የወጡት። ጎርፉ የደረሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው። እናንተም ቅጠሉን ጠብቁ፤ ድምፁን ከሰማችሁ ዘግይታችኋል። ወደ ላይ፣ ወደ ገደሉ ጎን ውጡ፤ ለመሻገር አትሞክሩ።

ወንዝ ከወሰዳችሁ በጀርባችሁ ሁኑ፤ እግራችሁ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ከፊት ይቅደም፤ ድንጋዩን እሱ ይግፋ። ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው አጎንብሶ ይጥላችኋል። ጅረቱን ፊት ለፊት አትታገሉ፤ ወደ ዳር አግድም እያላችሁ ዋኙ። የወደቀ ዛፍ ካያችሁ በሙሉ ኃይላችሁ ራቁ። ውሃው በቅርንጫፉ መሃል ያልፋል፤ ሰው ግን አያልፍም።

ባሕር

በባቲ ወርዳችሁ በሚሌ በኩል ጅቡቲ ለምትደርሱ፦ የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ከሐይቁ የበለጠ ያንሳፍፋል። አደገኛው ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትተው ጅረት ነው። ሞገድ በሚሰበርበት መሃል ጸጥ ብሎ የሚታየው ክፍተት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ከያዛችሁ ወደ ዳር አትታገሉ። ከዳሩ ጋር ትይዩ ወደ ጎን ዋኙ፤ ሲለቃችሁ ተመለሱ። ከወሎ ወጥተው በዚያው በኩል ቀይ ባሕርን በጀልባ የሚሻገሩ ብዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። መንሳፈፍን ደጋግሜ የማስተምረው እነሱ ከልቤ ስለማይወጡ ነው።

ሌላ ሰው ሲሰምጥ

የሚሰምጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም። አፉ ከውሃው ጋር እኩል ነው፤ ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ ነው፤ እጁ ውሃውን ወደ ታች ይጫናል። ዝምታው አያታላችሁ።

ዘላችሁ አትግቡ። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ይዞ ይወጣበታል፤ ሁለት ሬሳ የሚወጣው በዚህ ነው። ዱላ ዘርጉለት። ዱላው ካልደረሰ ሆዳችሁ ላይ ተኝታችሁ የጋቢያችሁን ጫፍ ወርውሩ። እሱም ካልደረሰ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ወርውሩ። ጀልባ ጥሩ።

ሲወጣ የማይተነፍስ ከሆነ ሆዱን አትጫኑ፣ በእግሩም አትስቀሉት። ጊዜ ማባከን ነው፤ ያስመልሰውና ትውከቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በጀርባው አስተኙት፤ አገጩን ቀና አድርጉ፤ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ 5 ጊዜ ተንፍሱለት። ከዚያ ደረቱን መሃሉ ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች 30 ጊዜ ግፉ፤ ሁለት ጊዜ ተንፍሱለት፤ ደጋግሙ። ሌላ ሰው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ነፍሱ ተመልሳ ቢስቅ ቢጫወትም ሐኪም ይየው፤ ሳንባው በኋላ ሊታወክ ይችላል።

ከወጣችሁ በኋላ

ቅዝቃዜው የሚበረታው ከወጣችሁ በኋላ ነው። ቶሎ እርጥቡን አውልቁ፣ ተደራረቡ፣ ጋቢ ልበሱ፣ ትኩስ ሻይ ያዙ። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሞተር ሳይክል አትንዱ።

ሰውነታችሁን በፎጣ ማሸት ጥሩ ነው፤ ከቢልሃርዚያ ግን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። ከዋኛችሁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የሰገራ ምርመራ አድርጉ። ቀድማችሁ ብትሄዱ ላይታይ ይችላል። ሐይቅ ውስጥ መዋኘታችሁን ለባለሙያው ንገሩት። ከተገኘባችሁ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ መጠኑ በክብደታችሁ ይሰላል። በመጀመሪያው ቀን ማታ ካላንደሩ ላይ የምርመራውን ቀን አክብቡበት።